የሚታይ ቅናሽና የማይታይ ቅናሽ፦ የአክሱም ሳንቲሞች ለዛሬው ነጋዴ ምን ያስተምራሉ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘገባ ሥራ ደባርቅ ባረፍኩበት ሰሞን፣ ከበየዳ ገብስና በግ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ በገበያው ዳር አገኙኝ። ከኩታቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ፈትተው ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማትበልጥ አሮጌ ሳንቲም አሳዩኝ። ሳንቲሟ አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። በአንድ ገጿ ግን በሰው ራስ ምስል ዙሪያ ወርቅ ያብረቀርቃል። ከተከዜ ማዶ የመጣ ሰው «የአክሱም ወርቅ ናት» ብሎ በአራት ሙክት በጎች ዋጋ ሰጥቷቸዋል። «እንግዲህ ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ወርቅ ነው ወይስ አይደለም? ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰው ገንዘብ የሚባል ነገር መጠቀም ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ገበያተኛው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኸው ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ስምና በውስጡ ያለው ነገር አንድ ነውን? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ጥያቄ በአክሱም ሳንቲሞች አማካይነት ይመለከታል። ለንባብ እንዲመች የጥንቱን ዘመን እ.ኤ.አ. እየቆጠርን፣ የአገራችንን የቅርብ ጊዜ ጉዳይ ደግሞ በዓ.ም. እንጠቅሳለን።

ሳንቲም ሳይቀረጽ በፊት

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና የቀይ ባሕርን ንግድ የሚዘረዝረው የአንድ ግሪካዊ ነጋዴ መመሪያ፣ ስለ አዱሊስ ወደብ ጠቃሚ መረጃ ትቶልናል። በጊዜው የነበረው ንጉሥ ዞስካሌስ የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ይገልጻል። ወደ ወደቡ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ቢጫ ናስ አንዱ ሲሆን፣ የአገሬው ሰው እየቆራረጠ እንደ ገንዘብ ይገለገልበት ነበር። የሮም ሳንቲምም በመጠኑ ይገባ የነበረ ቢሆንም፣ የሚፈለገው በወደቡ ለሚኖሩት የውጭ ሰዎች ነበር።

ከወደቡ ርቆ በደጋው ያለው ገበያ ግን ሌላ ነበር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ነጋዴ ኮስማስ በዚያ ያገኘውን የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሥ ስሙ አልቀረልንም። በዘመቻው ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ግን ሰሜኖችን በስም ይጠቅሳል። ከወንዙ ማዶ፣ ለመውጣት በሚያስቸግሩ፣ ጉም፣ ውርጭና በረዶ በማይለያቸው ተራሮች ላይ የሚኖሩ ናቸው ይላቸዋል። ወንዙ ተከዜ መሆኑን፣ ተራሮቹም ዛሬ በየዳ፣ ጃናሞራና ደባርቅ የሚገኙባቸው የሰሜን ተራሮች መሆናቸውን ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን ያለው በዚያው በበየዳ ነው።

ኮስማስ ስለ ወርቅ ንግዱም ይነግረናል። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ አማካይነት ነጋዴዎችን ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይልክ ነበር። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ላይ የሥጋ ብልት፣ ጨውና ብረት ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ በፈለገው ዕቃ ላይ የወርቅ እንክብል አኑሮ ዘወር ይላል። ባለዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣል፤ ካልበቃው ይተወዋል። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ገበያው ይፈጸማል። ከዚህ የምንረዳው ከሳሱ በጨውና በሥጋ የተገዛ ወርቅ አዱሊስ ሲደርስ ሳንቲም ሆኖ የንጉሡን ስም ተሸክሞ ባሕር ይሻገር እንደነበር ነው።

የግሪክ ፊደል የደረሰባቸው የጠረፍ መንግሥታት

ለመሆኑ የአክሱም ንጉሥ ስሙን በግሪክ ፊደል ለምን አስቀረጸ? መልሱን ለማግኘት አንድ ጊዜ ወደ እስያ እንሻገር። ዛሬ አፍጋኒስታን በምንለው አገር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ250 ገደማ፣ ዲዮዶቶስ የሚባል ገዥ ከግሪካውያን ነገሥታት ተገንጥሎ የባክትሪያን መንግሥት አቋቋመ። ከእርሱ በኋላ በባክትሪያና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ከ40 በላይ የግሪክ ነገሥታት ሳንቲም አስቀርጸዋል። ከእነዚህ መካከል የጥንት ጸሐፊዎች በስም የሚጠቅሷቸው ጥቂቶችን ብቻ ነው። የቀሩትን የምናውቃቸው ባስቀረጿቸው ሳንቲሞች ነው። ወደ ሕንድ በዘለቁ ጊዜም በአንድ ገጽ ግሪክኛ፣ በሌላው ገጽ የአገሩን ቋንቋ ማስቀረጽ ጀመሩ። ገበያው ሁለት ዓይነት ደንበኛ ነበረውና።

ከእነርሱ በኋላ በዚያው አገር የነገሡት ኩሻኖች ግሪኮች አልነበሩም፤ የግሪክ ፊደልን ግን አልተዉም። ታላቁ ንጉሣቸው ካኒሽካ መጀመሪያ በግሪክኛ፣ ቆይቶም የራሱን ቋንቋ በግሪክ ፊደል በወርቅ ሳንቲሞቹ ላይ አስጽፏል። ነገሩ ከእኛ የራቀ እንዳይመስል አንድ ማስረጃ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1940 በትግራይ ደብረ ዳሞ ከ100 በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኝተዋል። የካኒሽካ ስም ያለበት ወርቅ በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ተሻግሮ አምባችን ላይ ወጥቷል ማለት ነው።

አክሱምም እንዲሁ በግሪክ ንግድ ጠረፍ ላይ የቆመ መንግሥት ነበር። የአክሱም ነገሥታት ዝርዝርም እንደ ባክትሪያ ሁሉ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከሳንቲም ነው። ኢዛናን ወይም ካሌብን ከድንጋይ ጽሑፍና ከታሪክ መጻሕፍት ብናውቃቸውም፣ ስማቸው በሳንቲም ላይ ብቻ የተረፈ ነገሥታት በርካታ ናቸው። የሳንቲም ተመራማሪ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል የሚያወጣው ምልክቶችን በማነጻጸር፣ አንድ መምቻ ማኅተም ስንት ሳንቲም ላይ እንዳረፈ በመለየት፣ አብረው የተቀበሩትን በመቁጠር፣ ክብደትና የማዕድን ጥራት በመመዘን ነው።

የእንዱቢስ ወርቅ

በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የነገሠው እንዱቢስ፣ በስሙ ሳንቲም ማስቀረጹ የሚታወቅ የመጀመሪያው የአክሱም ንጉሥ ነው። የወርቅ ሳንቲሙ 2.7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህም በጊዜው የነበረው የሮም ወርቅ ሳንቲም ግማሽ መሆኑ ነው። በአክሱም ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል በጎን ተቀርጾ ይታያል፤ በላዩ የጨረቃና የክብ ምልክት አለ። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ የጨረቃው ቦታ በመስቀል ተተክቷል። በብዙዎቹ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ ምስሉን ግራና ቀኝ ሁለት የእህል ዘለላዎች ያቅፉታል። ስንዴ ነው የሚሉ አሉ፤ ገብስ ነው የሚሉም አሉ። የበየዳ ገበሬ ቢጠየቅ ለየትኛው እንደሚፈርድ አይጠፋንም።

የጽሑፉም ቋንቋ የንግድ ፖሊሲ ነው ማለት ይቻላል። በወርቁ ላይ የተጻፈው ግሪክኛ ሲሆን ባለሳንቲሙ የአክሱማውያን ንጉሥ መሆኑን ያውጃል። በመካከሉ ግን «ብእሲ» የሚለው የግዕዝ ቃል በግሪክ ፊደል ገብቶ ይገኛል። ወዜባ የሚባለው ንጉሥ በወርቅ ሳንቲም ላይ ሳይቀር ግዕዝ አስጽፎ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ወርቁን ወደ ግሪክኛ መለሱት። ብርና ነሐሱ ደግሞ እያደር ወደ ግዕዝ ዞረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወርቁ ለውጭ ገበያ፣ ነሐሱ ለአገር ውስጥ ገበያ ነበር። የወርቅ ሳንቲሞቹ በብዛት የተገኙትም ከባሕር ማዶ በደቡብ ዓረቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በየመን አል ማድሃሪባ በተገኘው ክምችት ውስጥ ከ300 በላይ የአክሱም ወርቅ ሳንቲሞች ከ800 በላይ ከሆኑ የሮም ወርቅ ሳንቲሞች ጋር አብረው ተቀብረው ነበር። የቀበረው ሰው ሁለቱንም ወርቅ ብሎ ተቀብሏል።

በዚያ ዘመን ሳንቲም የአገር ስም ነበር። ኮስማስ የሚተርከው አንድ ታሪክ ይህን ያስረዳል። ሶጳጥሮስ የሚባል የሮም ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር በመርከብ ተሳፍሮ ዛሬ ስሪ ላንካ ወደምንላት ደሴት ሄደ። የደሴቲቱ ንጉሥ ከሮምና ከፋርስ ነገሥታት የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ሶጳጥሮስ ብዙ አልተከራከረም። የሁለቱን ሳንቲም አስመጥተህ አነጻጽር አለ። ሮማዊው ወርቅ፣ ፋርሳዊው ብር ነበርና ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ።

የሚታየው ቅናሽ

ወደ ሚዛኑ እንመለስ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኢዛና ዘመን፣ የአክሱም ወርቅ ሳንቲም ከ2.7 ግራም ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። ይህ ማጭበርበር ነበርን? አልነበረም። በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ የወርቅ ሳንቲሙን ለውጦ ነበር። ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 60 ሳንቲም ይወጣ የነበረው 72 እንዲወጣ ሆነ፤ አንዱም ከ5.4 ግራም ወደ 4.5 ግራም ወረደ። የአክሱም ለውጥ ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑን ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ዋናው ነገር ለውጡ የሚታይ መሆኑ ነው። ሚዛን ያለው ነጋዴ ሁሉ አዲሱ ሳንቲም ከአሮጌው እንደሚቀል ያውቃል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ያስተካክላል። በዛሬው ቋንቋ፣ የታወጀ የምንዛሪ ተመን ቅናሽ እንለዋለን።

የማይታየው ቅናሽ

ሁለተኛው ቅናሽ ግን ሌላ ነው። የእንዱቢስ ወርቅ ጥራቱ ከ90 በመቶ በላይ ነበር። እያደር ግን በወርቁ ውስጥ የሚቀየጠው ብር እየበዛ ሄደ። ክብደቱ ብዙም አልተለወጠም፣ ምስሉም ያው ነው፣ የንጉሡም ማዕረግ ያው ነው። የመጨረሻዎቹ ነገሥታት ሳንቲሞች ላይ ሲደረስ የወርቁ ድርሻ በእጅጉ ወርዷል።

ለስሌት ያህል በምሳሌ እንየው። 2.7 ግራም የሚመዝንና 95 በመቶ ወርቅ የሆነ ሳንቲም 2.57 ግራም ያህል ንጹሕ ወርቅ አለው። 1.6 ግራም የሚመዝንና 90 በመቶ የሆነው 1.44 ግራም አለው። ያው 1.6 ግራም ሆኖ ጥራቱ ወደ 60 በመቶ ቢወርድ የሚቀረው 0.96 ግራም ነው። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስንሄድ ሚዛኑ ምንም አልተናገረም። ተቀባዩ ግን ከያዘው ወርቅ አንድ ሦስተኛውን አጥቷል።

ይህንን እንዴት ማወቅ ይቻላል? የወርቅ ነጋዴ የሆናችሁ አንባቢያን ዘዴውን ታውቁታላችሁ። ዕቃውን በአየር ላይ መዝኑ፤ ቀጥሎ በክር አንጠልጥላችሁ ውኃ ውስጥ አስገብታችሁ መዝኑ፤ የመጀመሪያውን ክብደት ውኃው ውስጥ ለቀነሰው ክብደት አካፍሉ። ንጹሕ ወርቅ 19.3፣ ብር 10.5፣ መዳብ 9 ያህል ይሰጣል። ግማሽ ወርቅና ግማሽ ብር በክብደት ሲቀየጥ 13.6 ያህል ይመጣል። ዳሩ ግን ለ1.6 ግራም ሳንቲም በንጹሑና በግማሹ መካከል ያለው የውኃ ውስጥ ልዩነት 35 ሚሊግራም ብቻ ነው። የሱቅ ሚዛን ይህን ያህል አይለይም። የማይታየው ቅናሽ ለብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ የተለበጠ ነሐስ

አክሱም ሌላ እምብዛም ያልተለመደ ዘዴም ነበራት። በአንዳንድ የብርና የነሐስ ሳንቲሞቿ ላይ ከንጉሡ ራስ ወይም ከመስቀሉ ዙሪያ ወርቅ ይለበጥ ነበር። ይህ ማታለያ አልነበረም። ነሐሱ ነሐስነቱን አልደበቀም፤ ወርቁ ለክብር የተጨመረ ነው። ከነሐስ ሳንቲሞቹ አንዳንዶቹ ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚል ትርጉም ያለው ምኞት ተጽፎባቸዋል። ሳንቲሙ የሚሠራው በውስጡ ባለው ማዕድን ሳይሆን ተቀባዩ በንጉሡ ላይ ባለው እምነት ነው። የዛሬው የወረቀት ብር ቅድመ አያት ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

የበየዳው ነጋዴ ሳንቲምም ከዚህ ወገን ነበረች።

ሳንቲሙ ሲጠፋ

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ፋርሶች ደቡብ ዓረቢያን ያዙ፤ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕር ንግድ መልኩ ተለወጠ። ከመጨረሻዎቹ ሳንቲም አስቀራጮች አንዱ የሆነው አርማህ የተወልን የብርና የነሐስ ሳንቲም እንጂ ወርቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሐረር አሚሮች ካስቀረጿቸው በስተቀር፣ የአገራችን ገዥዎች በስማቸው ሳንቲም ሳያስቀርጹ ከ1,200 ዓመታት በላይ አለፉ። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የታተመውን ብር በፓሪስ ያስቀረጹት በ1887 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል ደጋው ያለ ገንዘብ አልኖረም። ከአፋር ጨው ሜዳ የሚወጣው አሞሌ በቅሎና አህያ ላይ ተጭኖ ተራራ ለተራራ ዞሯል። ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። ከጎንደር በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ዓድዋና ምጽዋ የሚያወርደው የሲራራ መንገድ ደግሞ ጠገራ ብርን አመጣ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላም ሳንቲሟ ያንኑ ዓመት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የብሩ ጥራት 83.3 በመቶ ነው። የአገራችን ገበያተኛ የጀርመንን ታሪክ ባያውቅም የንግሥቲቱን ዘውድ ፈርጦችና የትከሻዋን ጌጥ እየቆጠረ ይቀበል ነበር። ምስሉ የፈዘዘበትን ይመልሳል። ሞኝነት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን የተሟላ የጥራት ቁጥጥር እለዋለሁ። ክብደቱም ጥራቱም ያልተለወጠ ገንዘብ ስለነበረ፣ ባለሳንቲሟ በሕይወት ባትኖርም ታመነች።

ለዛሬው ነጋዴ

ዛሬ በእጃችን ያለው ብር ስሙ እንጂ ማዕድኑ ብር አይደለም። ቅናሹ ግን በሁለቱም መልክ ይመጣል። በ1985 ዓ.ም. የአንድ የአሜሪካ ዶላር ተመን ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁላችንም ሰማን። ይህ የሚታየው ቅናሽ ነው፤ የኢዛና ሚዛን ልንለው እንችላለን። የዋጋ ግሽበት ግን የማይታየው ቅናሽ ነው። ኖቱ ያው፣ ቁጥሩ ያው፣ ፊርማው ያው ሆኖ የሚገዛው ጤፍ ያንሳል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በብር የተቆጠረ ትርፍ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ዕቃውን መልሶ የሚገዛ መሆን አለመሆኑ ይታይ። ሁለተኛ፣ የረጅም ጊዜ ዱቤና የኪራይ ውል ስትዋዋሉ የሚታየውን ቅናሽ ብቻ ሳይሆን የማይታየውንም አስቡበት። ሦስተኛ፣ የማታውቁትን ዕቃ ከመቀበላችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የሰሜን ገበያተኛ ጠገራን ፈርጥ ቆጥሮ ነው የተቀበለው።

ወደ አዛውንቱ እንመለስ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሳንቲሟ በመልኳ የአክሱም ናት፤ ነገር ግን ወርቅ የተለበጠች ነሐስ ናት። በማዕድንነት ቢቀልጧት የአንድ በግ ጆሮ አትገዛም። በታሪክነቷ ግን ከአራት በግ ትበልጣለች፤ ያውም ከየትኛው መሬት፣ ከምን ጋር እንደወጣች ከታወቀ ነው። ያ ካልታወቀ አንድ ገጽ እንደተቀደደበት ደብተር ናት። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር እንዳለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል መሆኑን ጨምሬ ገለጽኩላቸው። ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ለሚያግባቡ ደላሎችም መልእክቱ ይኸው ነው። ለአንጥረኛ የሚቀልጥ ወይም በሻንጣ የሚወጣ እያንዳንዱ ሳንቲም የአንድ ንጉሥ ስም ይዞ ሊጠፋ ይችላል።

አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ሳንቲሟን መልሰው እየቋጠሩ፣ «እሺ፣ ለባህል ቢሮ እሰጣለሁ። በጎቼን ግን ማን ይሰጠኛል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የማይታየው ቅናሽ ከፋዩ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የተቀበለው ሰው ነው። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ መልካም ገበያ ይሁንላችሁ።